ፎቶ የተነሳ ቀሚስ

«ዋጋ በኢንቦክስ» የሚሏት ነገር አለች። ቴሌግራም ላይ ጫማው ይለጠፋል፣ «ጥቂት ፍሬ ነው የቀረን» ይባላል፣ ዋጋው ግን አይጻፍም፤ ጠይቁ ነው። እናላችሁ እኛ የምናውቃቸው የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች አይጠይቁም። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ስክሪንሾት አድርገው ያስቀምጡታል። ስልካቸው ውስጥ ያልገዙት ዕቃ ሱቅ ይሞላል።

በነገራችን ላይ ሻጮቹን እየከሰስን አይደለም። የቦሌን የሱቅ ኪራይ የማይችል ሰው ከሳሎኑ ሆኖ መሸጥ መቻሉ፣ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጨመርበት፣ ብዙ እኩዮቻችንን እንጀራ አብልቷል። እኛን የከነከነን ሌላ ነው።

ልጆች ሳለን ማስታወቂያ መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው። ኢቲቪ ድራማውን አቋርጦ የሳሙናውን ዘፈን ሲለቅ አንዱ ውኃ ሊጠጣ፣ አንዷ ሽሮዋን ልታማስል ይነሳሉ። ጋዜጠኝነት ስንማርም ዜናና ማስታወቂያ በመስመር ይለያያሉ ተብለናል፤ ፈተና ላይም መጥታለች። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ ይኸው ብሎ ለይቶ የሚያስወጣው ነገር ነበረ። ቲክቶክ ላይ የምትታየው ግን ልጅ ናት፤ ፌስታል እየፈታች «ኑ አብረን እንየው» የምትል፣ ጓደኛ የምትመስል። ተከፍሏት ይሁን ወድዳው ማን ይለያል? (ሜታ ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አስነጋሪዎች ታዳጊዎችን በዕድሜና በቦታ ብቻ እንዲለዩ ገድቧል። ደግ አደረገ። አካውንት ስትከፍት ዕድሜዬ 21 ነው ብላ የሞላችውስ?)

የአክስታችን ልጅ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በቅርቡ የክፍል ጓደኛዋ ልደት ጠርታት ቀረች። ቀሚስ አላት፤ ያውም እናቷ ለፋሲካ መርካቶ ሦስቴ ተመላልሳ የገዛችላት። «እሷን ልበሻ!» አልናት።

«እሷንማ ፖስት አድርጌያታለሁ።»

ስሙንማ፣ ቀሚሷ አልተቀደደችም፣ አልጠበበችም። ታየች፣ አለቀች። ለእኛ የእንቁጣጣሽ ልብስ ሲገዛ ሆን ተብሎ ሁለት ቁጥር ይበልጥ ነበር፤ «ታድግበታለች» ተብሎ። ከዚያ በየበዓሉ፣ በየሰርጉ፣ በየክርስትናው እሱው ነው። የቤታችንን አልበም ብትገልጡ አንዲት ቀይ ሹራብ ሦስት ዓመት ሙሉ ትከተላችኋለች። (ድህነትን እያቆነጀን እንዳይመስላችሁ፤ ሰልባጅ መሆኑ እንዳይታወቅ ስንት ተዋሽቷል!) ግን ያንን ልብስ የክት የሚያደርገው በዓሉ ነበር። አሁን ልደቱ ራሱ የሚለበስ ካልተገኘ የሚሰረዝ ሆነ።

እናቷ «ቅንጦት» አለቻት። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የጫማ ዋጋ የት እንደደረሰ ለሚያውቅ ወላጅ፣ እውነቷን ነው። ልጅቷ ግን የቅንጦት ነገር አላወራችም። አጥብቀን ስንጠይቃት «ታዲያ እንደገና ያችው ልጅ ሆኜ ልሂድ?» አለችን። ያችው ልጅ! ጓደኛዋ የጠራችው እኮ ያችኑ ልጅ ነበር። እንዲህ ብንላትም አልሰማችንም።

ቅዳሜ ማታ ሶፋ ላይ ተጋድማ የልደቱን ፎቶዎች ስታይ አጠገቧ ነበርን። ኬክ፣ ሻማ፣ ተቃቅፈው የሚስቁ ጓደኞቿ፤ ቀጥሎ የቦርሳ ማስታወቂያ። እንደገና ጓደኞቿ፤ ቀጥሎ ጫማ። ጫማው ላይ ቆም አለችና ስክሪንሾት አደረገችው።