ተሰጥኦውን ወደን ልጁን እንዳንረሳ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ሲባል ኖሯል። ዛሬ የማወራችሁ ልጅ ያቦካው ግን ለአንድ ታላቅ ኩባንያ ተርፎ ለልጁ ለራሱ ሳይሆን የቀረ ነው። ልጁ ሂሮኪ ሳዋዳ ይባላል። በሕይወት የኖረ ሰው አይደለም፤ «መርማሪው ኮናን» ለሚባለው የጃፓን የካርቱን ፊልም የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩ ወላጅ የሆነውን ሁሉ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት ላካፍላችሁ ወደድሁ።

«መርማሪው ኮናን» ጎሾ አኦያማ የተባለው ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1994 በሥዕል እያስደገፈ በመጽሔት ማውጣት የጀመረው፣ ከ1996 ወዲህም በቴሌቪዥን በተከታታይ የሚታይ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው። ዋናው ባለታሪክ፣ ወንጀለኞች መርዝ ሰጥተውት ሰውነቱ ወደ ሕፃንነት የተመለሰ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ሂሮኪን የምናገኘው ደግሞ ከዚሁ ታሪክ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2002 ለሲኒማ በቀረበው ስድስተኛ ፊልም ውስጥ ነው።

ሂሮኪ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ በኮምፒውተር ዕውቀቱ አዋቂዎችን ያስደንቃል። በአገሩ ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ በመለየቱ እንደ ባዕድ ታየ። አባትና እናቱ ተለያዩ፤ እናቱም ይዛው ወደ አሜሪካ ሄደች። በዚያ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከጎልማሶች ጋር ከፍተኛ ትምህርት ይከታተል ጀመር። እናቱ ስትሞት ቶማስ ሺንድለር የተባለ የኮምፒውተር ኩባንያ ባለጸጋ በማደጎ ወሰደው።

ከውጭ ለሚያየው ልጁ ምን ጐደለው? ያማረ ቤት አለው፤ የፈለገው መሣሪያ ሁሉ ቀርቦለታል። ነገር ግን ቀንም ሌሊትም ይጠበቃል፤ ሥራው እንዲያልቅ ይፈለጋል፤ አብሮት የሚጫወት አንድም እኩያ የለውም። ከዲ.ኤን.ኤ. ተነሥቶ የሰውን የዘር ሐረግ የሚያጣራ ፕሮግራም ሠራ። ቀጥሎም በአንድ ዓመት ውስጥ የሰው ልጅ በአምስት ዓመት የሚያድገውን ያህል የሚያድግ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፈጠረና «የኖኅ መርከብ» ብሎ ሰየመው። ይህንን ጨርሶ በስልክ መስመር ወደ ውጭ ከለቀቀ በኋላ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ፊልሙ የሚጀምረው በዚህ ሐዘን ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ «ኮኩን» የተባለ አዲስ የጨዋታ መሣሪያ በቶኪዮ ሲመረቅ ሃምሳ ልጆች ይገቡበታል። «የኖኅ መርከብ» መሣሪያውን ይቆጣጠርና ከልጆቹ አንድ እንኳ ጨዋታውን ካልፈጸመ ሁሉም እንደሚሞቱ ያስታውቃል። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ መጥፎ ወላጅ መጥፎ ልጅ ስለሚያሳድግ ይህ ሰንሰለት መቆረጥ አለበት ባይ ነው። ኮናንና ጓደኞቹ በጨዋታው ውስጥ የ1888ቷን ለንደን መርጠው ብዙ ይንከራተታሉ። በመጨረሻ ግን ከልጆቹ እንደ አንዱ ሆኖ አብሯቸው ሲጫወት የቆየው ራሱ «የኖኅ መርከብ» መሆኑ ይታወቃል። ልጆቹ በሙሉ በደኅና ይመለሳሉ። ለካስ የፈለገው ሂሮኪ በሕይወቱ ያጣውን፣ ከእኩዮቹ ጋር መጫወትን ኖሯል።

ፊልሙን አብራኝ ያየችው ልጄ ስለ ለንደንም ስለ ነፍሰ ገዳዩም አልጠየቀችኝም። «ይኼን ሁሉ ያደረገው መጫወት አምሮት ነው?» አለችኝ። ከ«አዎን» ሌላ መልስ አላገኘሁም።

እስቲ ሁለቱን ልጆች እናነጻጽር። ኮናን በአእምሮው ጎልማሳ ነው፤ ያስጠጉት ቤተሰቦች ግን እንደ ልጅ ያበሉታል፣ ይቆጡታል፣ ትምህርት ቤት ይልኩታል፤ ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋርም ይሯሯጣል። ሂሮኪ ደግሞ ሕፃን ሆኖ ሳለ እንደ ጎልማሳ ሠራተኛ ተያዘ። አንደኛውን ያኖረው፣ ሁለተኛውን የጎዳው ይህ ልዩነት ይመስለኛል።

«ይህ የፊልም ፈጠራ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በዚያው በማሳቹሴትስ ዊልያም ጄምስ ሲዲስ የሚባል ልጅ እ.ኤ.አ. በ1909 በአሥራ አንድ ዓመቱ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሂሳብ ዕውቀቱ ጋዜጦች ብዙ ጽፈውለት ነበር። ካደገ በኋላ ግን ከሕዝብ ዓይን ሸሽቶ በተራ የቢሮ ሥራ ሲኖር ቆይቶ በ1944 በአርባ ስድስት ዓመቱ ሞተ። የቢሮ ሥራ የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም፤ ልጁ እንደ ትርኢት መታየቱ ምን ያህል እንዳስመረረው ለማስረዳት ነው።

ዛሬ በየቤታችን ስልኩን ከእናቱ ይልቅ የሚያውቅ ልጅ አይጠፋም። ጎበዝ ልጅ ማስጠናት፣ ኮምፒውተር እንዲማር መክፈል መልካም ነው፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችን በፊት «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትህ?» ብለን እንጠይቀው። ልጁ የሚጠራው ጓደኛ ካጣ ከዝቅተኛ ማርክ ይልቅ ይህ ሊያሳስበን ይገባል። እንግዳ በመጣ ቁጥርም ዕውቀቱን እንዲያሳይ እያስነሣን አናድክመው።

ጨዋታ ለጎበዝ ልጅ የሚሰጥ ሽልማት ሳይሆን መብቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ስምምነትም በአንቀጽ 31 የልጅን የዕረፍትና የጨዋታ መብት አስፍሮታል። ኢትዮጵያም በ1991 ተቀብላዋለች።

ሥራ ውለሽ ማታ ደክሞሽ የምትገቢ እናት፣ ጊዜ ከየት ይምጣ እንደምትዪ አውቃለሁ። ሽንኩርት እየከተፍሽም ቢሆን ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ አጫውቺው። ዝም ካለ፣ ከምግብና ከእንቅልፍ ከራቀ፣ ወይም «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ «የልጅ ነገር» ብለሽ አትለፊው፤ ሳትቆጪ አድምጪው፣ ሳትውዪ ሳታድሪም ወደ ሐኪም ውሰጂው። ሂሮኪ በዙሪያው የሚጠብቁት ብዙ ነበሩ፤ «ምን ሆንክ ልጄ?» የሚለው ግን አላገኘም። ለእኛ ልጆች ይህ ቃል አይጥፋ።