ሥሩን ያልነገሩኝ አያቴ

ስለ ኮምፒውተር የሚያወራ ሰው በግጥምና በወግ ገጽ ላይ ምን ይሠራል ብላችሁ አትፍረዱብኝ። ነገሩ የሚጀምረው ከኮምፒውተር ነው፤ የሚያልቀው ግን ከአያቴ ዘንድ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ ብልባላ፣ በእናቴ ቤት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ የላፕቶፔ ስክሪን ጠቆረ። ጠቆረ ስል ጠፋ ማለቴ አይደለም። ማራገቢያው ይሽከረከራል፤ በግራው ጥግ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት ከጫንሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር።

በዚያ ማሽን ውስጥ አያቴ ነበሩ። ከማረፋቸው አንድ ዓመት በፊት፣ ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ፣ በተዋስሁት ካሜራ አሥራ አራት ቪዲዮ ቀርጫቸው ነበር። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ በብልባላ ጊዮርጊስ ግድግዳ ውስጥ ስለሚኖሩትና ማራቸው ፈውስ ነው ተብሎ ስለሚታመነው ንቦች ይናገራሉ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ።

መዘዙን ያመጣሁትም በእነዚሁ ቪዲዮዎች የተነሣ ነው። ሊኑክስ ይዞት በመጣው ክፍት ድራይቨር ቪዲዮዎቹ ይንቀረፈፉ ነበር፤ የአያቴ ከንፈርና ድምፃቸው አልገጣጠም አለ። የካርዱ ሠሪ ራሱ ያዘጋጀውን ዝግ ድራይቨር ብጭን እንደሚስተካከል ሰማሁ። ላሊበላ ሄጄ፣ ኢንተርኔት ካለበት ቤት ቁጭ ብዬ አወረድሁት። ሲጫን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ያፈቀደኝን ጻፍሁ። ማታ ብልባላ ገብቼ ስከፍተው አንድ ሰማያዊ ገጽ መጣ፤ ስላልገባኝ እጄን ሰብስቤ ተመለከትሁት፤ አሥር ሴኮንድ ያህል ቆይቶ በራሱ ጊዜ አለፈ። ከዚያ በኋላ ጨለማ ሆነ።

በማግሥቱ ተመልሼ ላሊበላ አንድ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ዘንድ ወሰድሁት። አየውና «ፎርማት ይደረጋል» አለኝ።

«ፋይሉስ?»

«ፋይሉማ ይጠፋል፣ ወንድሜ።»

አልተቀየምሁትም። የአገራችን ኮምፒውተር ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የታመመው ይታጠባል፣ በሽታውም ትዝታውም አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፔን አቅፌ ወደ ብልባላ ተመለስሁ።

አያቴ መድኃኒት ያውቁ ነበር። ሆድ ቁርጠት የያዘው ሰው ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ይመጣል። እርሳቸው ማለዳ ተነሥተው ወደ ገደሉ ይሄዳሉ፤ ሥር ቆፍረው፣ ቤት ዘግተው ወቅጠው፣ ዱቄቱን በቅጠል ጠቅልለው ይሰጣሉ። ሥሩን ግን ለማንም አሳይተው አያውቁም። መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳል፣ ኃይሉን ያጣል ይሉ ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ተከተልኋቸው። ከጽድ ጀርባ ተደብቄ አየሁ። አምስት ቦታ ቆፈሩ። ከአምስቱ እውነተኛው የትኛው እንደሆነ፣ የትኞቹ ለማሳሳቻ እንደተቆፈሩ ልለይ አልቻልሁም። ቀና እንኳ ሳይሉ «ልጄ፣ ብርድ ይመታሃል፤ ውጣ» አሉኝ።

የግራፊክስ ድራይቨር ነገር የገባኝ በዚህ ምሳሌ ነው። ድራይቨር በሥርዓቱና በካርዱ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ፊንላንዳዊ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑክስን ሲጀምር ኮዱን ማንም እንዲያየው ክፍት አደረገው። የካርድ ሠሪዎች ግን የካርዳቸውን ቋንቋ ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ይይዙታል፤ ዱቄቱን ይሰጣሉ፣ ሥሩን አያሳዩም። ስለዚህ ከጽድ ጀርባ የሚደበቁ ሰዎች ተነሡ። ኑቮ የተባለውን ክፍት ድራይቨር የሠሩት በጎ ፈቃደኞች፣ የኤንቪዲያ ዝግ ድራይቨር ለካርዱ የሚልከውን ትእዛዝ እየተከታተሉና እየመዘገቡ፣ የትኛው ጉድጓድ እውነተኛ እንደሆነ በትዕግሥት ለዩ። ሥራቸው በ2010 እ.ኤ.አ. በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ገባ። በ2014 እ.ኤ.አ. ከወጣው ትውልድ ጀምሮ ግን ካርዶቹ ኩባንያው ያልፈረመበትን የውስጥ ፕሮግራም አልቀበልም አሉ፤ ክፍቱም ድራይቨር በእነዚያ ካርዶች ላይ ለዓመታት በዝግታ ሲያዘግም ኖረ። ቶርቫልድስ በ2012 እ.ኤ.አ. በፊንላንዱ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ኩባንያውን በአደባባይ በብርቱ ቃል ወቅሶታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ለአዳዲሶቹ ካርዶች የከርነሉን ክፍል ኮድ ከፈተ፤ የቀረው ክፍል ዛሬም ዝግ ነው።

ያን ሌሊት ግን ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማውቀው አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄን ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ኔትወርኩ የሚይዘው ከግቢው በር ላይ ስለነበር በዝናቡ ውስጥ ወጥቼ እሰማለሁ፣ ሮጬ ገብቼ እጽፋለሁ፣ ተመልሼ ወጥቼ የሆነውን እነግረዋለሁ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና «ምን ሆነሃል ልጄ፣ የሞተ ሰው አለ?» አለችኝ። የምመልሰውን አጣሁ።

«ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ ሦስትን አንድ ላይ ተጫን» አለኝ ወዳጄ።

ተጫንሁ። ጨለማው ተገለጠና ጽሑፍ ወጣ፤ ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጠየቀኝ። ማሽኑ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሙሉ ሕይወቱ አልወጣም ነበር። የፋይሎቼን ዝርዝር አስወጣሁ። ስማቸውን በአማርኛ ስለጻፍሁ የሚታየኝ ትንንሽ ምልክት ብቻ ሆነ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ያ የጽሑፍ ገጽ ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 512 ቅርጽ ነውና ለእኛ ቦታ አልነበረውም። ረድፎቹን በጣቴ ቆጠርሁ፤ አሥራ አራት ናቸው። ሁሉንም ወደ ፍላሽ ቀዳሁ፤ ፍላሹንም ለእናቴ ሰጠሁ፤ በመቀነቷ ቋጠረችው።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ወዳጄ የማሽኑን መዝገብ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ከብዙ መስመር መካከል አንዱ፣ ድራይቨሩ «በሚታመን ቁልፍ የተፈረመ አይደለም» ይላል። ወዳጄ ሳቀ። «ሰማያዊ ገጽ አልመጣም?» አለኝ። ጥፋቱ የእኔው ኖሯል። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ «ይህን እንግዳ ታውቀዋለህ ወይ?» ሲለኝ ዝም ብየዋለሁ፤ እርሱም እንግዳውን መለሰው። ክፍቱ ድራይቨር ደግሞ ለእንግዳው ቦታ እንዲለቅ አስቀድሞ ተሰናብቷል። ቤቱ ያለ አስተርጓሚ አደረ።

በሊኑክስ ቤት የሥልጣን ሁሉ ባለቤት «ሩት» ይባላል፤ ትርጉሙ ሥር ማለት ነው። በሥሩ ስም ገብቼ፣ ወዳጄ ፊደል በፊደል እየነገረኝ፣ ቁልፉ እንዲመዘገብ እንደገና ጠየቅሁ፤ አዲስ የይለፍ ቃልም ሰጠሁ፤ ይህን ግን በወረቀት ጻፍሁት። ማሽኑ ተነሣ፤ ሰማያዊው ገጽ መጣ፤ አሁን መለስሁለት። ስክሪኑ በራ።

አሥራ አንደኛውን ቪዲዮ ከፈትሁ። አያቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። «አባባ፣ ያ የሚቆፍሩት ሥር ስሙ ማነው?» የሚለው የእኔ ድምፅ ይሰማል። ዝም ይላሉ። በፊት ሲንቀረፈፍ ይህ ቦታ የቆመ ሥዕል ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከንፈራቸው ለአንድ አፍታ ሲከፈትና ተመልሶ ሲዘጋ አየሁ። ሊነግሩኝ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ገደሉ መልሰው «ይህስ ይቅር፣ ልጄ» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያሳየኝ ዝጉ ድራይቨር ነው፤ ስለዚህ ልረግመው አልችልም። አያቴንም አልወቅስም፤ ዱቄታቸው ብዙ ሰው አስታግሷል ይባላል። ነገር ግን ከእርሳቸው ቀብር በኋላ የመጣ አንድ በሽተኛ ደጃችን ላይ ጥቂት ቆሞ በመጣበት መንገድ ሲመለስ አይቻለሁ።

በቀጣዩ የ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታ ደርሶ ስልኩም መብራቱም ሲጠፋ ያ ሌሊት ትዝ አለኝ። ስክሪኑ የጠቆረው አንድ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ የምደውልለት ሰው አልነበረም። ያኔ ነው ደብተር ገዝቼ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ የጻፍሁት፤ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን፣ የትኛው መስመር እንደሚነበብ፣ ሰማያዊው ገጽ ሲመጣ ምን እንደሚባል።

መንገዱ ሲከፈት ደብተሩን ላሊበላ ለዚያ ጠጋኝ ወጣት ወሰድሁለት። ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ አንድ ቀን ሙሉ ገለበጠው። ሲመልስልኝ «ይህንስ ፎርማት አላደርገውም» ብሎ ሳቀ። የአያቴ ሥር አብሯቸው ተቀብሯል። ይህ ግን ተነገረ፤ አልረከሰም።