የፈትል ብር

የአባቴን የአርባ ተዝካር ያወጣሁት አንዱን በሬያችንን ሸጬ ነው። ሳላውቅ ያጠፋሁት ነው ብል እዋሻለሁ። ህንዳዊው ፕሬምቻንድ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር።

«ጎዳን» የመጨረሻው ሙሉ ልቦለዱ ነው፤ በ1936 እ.ኤ.አ. አሳትሞት በዚያው ዓመት ሞተ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ህንዳዊ መምህራችን የእንግሊዝኛ ትርጉሙን አዋሱኝ። ስሙ የላም ስጦታ ማለት ነው፤ ሰው ሲሞት ለነፍሱ ተብሎ ለካህን የምትሰጥ ላም። ገበሬው ሆሪ ከደጁ የምትታሰር አንዲት ላም ሲመኝ ይኖራል። በዱቤ ያገኛታል፤ የገዛ ወንድሙ ሂራ በቅናት መርዞ ይገድልበታል። ልጁ ጎበር ባሏ የሞተባትን ጁኒያን አስረግዞ ወደ ከተማ ሲጠፋ፣ ሆሪና ሚስቱ ዳኒያ ያስጠጓታል። የመንደሩ ሹማምንት ስለዚህ 100 ሩፒና 30 ማውንድ እህል ይቀጡታል፤ አሥር ኩንታል ያልፋል። ዳኒያ እየጮኸች፣ ሆሪ እህሉን ከአውድማው ራሱ ተሸክሞ ያስረክባል። ከወገን መለየቱን ፈርቶ ነው።

መካነ ሰላም ማስተማር ስጀምር ታሪኩን ለተማሪዎቼ እተርክላቸው ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በባለርስቱና በአራጣ አበዳሪው ላይ እጥለው ነበር። መጠጡት፣ እውነት ነው። የሆሪን ይሉኝታ ግን ዘልዬው አልፍ ነበር፤ የራሴ ስለሆነ ይመስለኛል።

አባቴ ሲሞት እናቴ «ቄሶቹ ይፍቱት፣ ለነዳያን ጥቂት ዳቦ እንጋግር፤ በሬውን አትንካብኝ» አለችኝ። እኔ «የመምህሩ አባት ያለ ተዝካር ቀረ» መባሉን ፈራሁ። በሬው ገበያ ወጣ፣ ዳስ ተጣለ፣ ጠላ ተጠመቀ። ሰዉ ሲያመሰግነኝ ደስ አለኝ። ዛሬ የሚከነክነኝ ያ ደስታ ነው።

የዋዜማው ማታ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ፈትል ሸጣ ለባቄላ ዘር ያስቀመጠችው ብር ነው፤ በአራት የታጠፈ፣ ላብ የነካው። «ያነሰህ እንደሆነ» ብላ መዳፌ ላይ አኖረችው። ሆሪ ለመንገድ ሥራ ጠጠር ሲቆፍር ፀሐይ መትቶት ሲሞት፣ ዳኒያ ገመድ ገምዳ ያገኘችውን 20 አና፣ አንድ ሩፒ ከሩብ፣ በላሟ ፈንታ ለካህኑ ትሰጣለች። ሌላ የላትም። ያን ገጽ ሳነብ አልቅሻለሁ። የእናቴን ብር ግን ቆጥሬ ኪሴ ከተትኩ።

የቀረው በሬ አቻ አጣ። አንድ ክረምት ከጎረቤት ጋር አቀናጀነው፤ በሁለተኛው እናቴ ወደ ዓባይ በረሃ የሚያየውን የገብስ ማሳ ለእኩል አራሽ ሰጠች።

ዘንድሮ ለፋሲካ ሄጄ ታሪኩን በአማርኛ ተረኩላት፤ አንብቤው እንደነበርም ነገርኳት። እንዝርቷን ይዛ እስከ 20 አናው ድረስ ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ ምን በላች?» አለችኝ።

መጽሐፉ እዚያ ላይ እንደሚያልቅ ነገርኳት።