ከኢንተርቪው በኋላ ያለው ዝምታ

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ግን ይነቅዛል። ወገኖቼ ኢንተርቪው ጨርሰው ከወጡ በኋላ «ከፈለጉኝ እነሱ ይደውሉ፣ መወትወት ነውር ነው» ብለው ሲቀመጡ አያለሁ። ይሉኝታ ነው። ደጅ መጥናት የሚመስላቸውም አሉ። በጋዜጠኝነት ዘመኔ «ነገ ተመለስ» የሚሉ ባለሥልጣናትን በስልክ ሳሳድድ ስለኖርሁ ይሆናል፣ እኔን መጠየቅ አያሳፍረኝም።

ከክፍሉ ሳይወጡ «ውሳኔው መቼ ይታወቃል?» ይበሉ፤ የጠያቂዎችዎንም ስም ይያዙ። በማግስቱ ከተነጋገራችሁበት አንድ ነገር አንስተው አጭር የምስጋና ኢሜይል ይላኩ። «ክቡር ሆይ» እያሉ ማንዛዛት አያስፈልግም፤ አራት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። የተባለው ቀን ካለፈ አንድ ጊዜ ይጠይቁ። በየቀኑ መደወል ግን ያስመርራል።

ስልክዎንስ አስበውበታል? የማናውቀው ቁጥር ሲደውል አለማንሳት ልማዳችን ነው፤ የመልእክት ሣጥኑም ወይ ሞልቷል ወይ በዘፈን ይቀበላል። ስምዎን በግልጽ የሚናገር መልእክት ይቅረጹበት። የአባትዎ ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚመዘገብ፣ «ሚስተር ከበደን ፈልጌ ነበር» ሲባሉ «አባቴ እዚህ የሉም» ብለው እንዳይዘጉት!

የደመወዝ ነገር ሲነሣ «በፊት ስንት ይከፈልዎት ነበር?» ቢባሉ መመለስ የለብዎትም፤ የሚኒሶታ ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አሠሪ ይህን እንዳይጠይቅ ከልክሏል። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ደግሞ በስቴቱ 30 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የደመወዙን መነሻና ጣሪያ በማስታወቂያው ላይ መጻፍ አለበት። ማስታወቂያው ከኢንተርኔት ሳይነሣ አትመው ያስቀምጡት።