መንደር ከተማ ሲሆን

ወጣቶች ሆይ፤ አንድ መንደር ከተማ ሆነ የሚባለው መቼ ነው? ይህን ጥያቄ በመምህርነት ዘመኔ ለብዙ ተማሪዎች አቅርቤዋለሁ። አንዱ መብራት ሲገባ ነው ይለኛል፤ ሁለተኛው አስፋልት ሲነጠፍ፣ ሦስተኛውም ፎቅ ሲሠራ ነው ይላል። መልሳቸው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጐደሎ ነው። ከጎሬ ተነሥቼ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ በወረድሁ ጊዜ የጐደለው ነገር ምን እንደ ሆነ ይበልጥ ተገለጠልኝ።

ጎሬ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያላት የጉምና የብርድ ከተማ ናት። ጋምቤላ ግን ከፍታዋ አምስት መቶ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ መንገደኛው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካፖርቱን አውልቆ ውሃ መለመን ይጀምራል። በዚሁ ቁልቁለት በቀድሞ ዘመን የኢሉባቦር ቡና በበቅሎና በሰው ትከሻ ይወርድ ነበር።

ስለ ጋምቤላ የሚጽፉ ሰዎች ታሪኳን ከወረቀት ይጀምራሉ። ወረቀቱም ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተዋዋሉት የወሰን ውል ነው። በውሉ 4ኛ አንቀጽ መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ የወንዝ ዳሩ ከ2,000 ሜትር፣ የቦታው ስፋት ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተፈቀደ። ለፖለቲካና ለጦር ሥራ እንዳይውልም ተጻፈ። እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ በውሉ ስሟ የተጠራው ኢታንግ ናት፤ ጣቢያው የቆመው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። ኢታንግ ወረቀቱን አገኘች፤ ጋምቤላ መርከቡን አገኘች።

ከወረቀቱ በፊት ግን ሰዎች ነበሩ። አኙዋኮች በወንዙ ዳር በቆሎና ማሽላ እየዘሩ፣ ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ ነበር። እኛ ባሮ የምንለውን ወንዝ እነርሱ ኦፔኖ ይሉታል። ኑዌሮችም በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ውሃው ይወርዳሉ፤ ወንዙ ሲሞላ ወደ ደረቁ መሬት ይመለሳሉ። እነዚህ ሁሉ ዋጋ ሲነገር እንጂ ውል ሲፈረም የተጠየቁ አይደሉም።

መርከቡ ከካርቱም ተነሥቶ ነጭ ዓባይን ሽቅብ ይወጣና ሶባትንና ባሮን ተከትሎ፣ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይደርስ ነበር። የሚደርሰውም ወንዙ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ብቻ ነው። ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፤ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መጋዘን ሠርተው ይጠብቁታል። ውሃው ሲጐድል መርከቡ ይሄዳል፤ ሸክሙ ያለቀበት ሰውም ወደ አገሩ ይመለሳል። ስለዚህ ጋምቤላ ለረጅም ዘመን ከተማ ሳትሆን ገበያ ነበረች። ገበያ ላይ ሰው የሚተዋወቀው ለዋጋ ነው፤ ዋጋው ሲያልቅ ትውውቁም ያልቃል። ይህ በገበያ ነውር አይደለም። በጎረቤት መካከል ግን ነውር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ገብቶ ወጣ። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃና ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ደቡብ ሱዳን በጦርነት ስትታመስ የመርከቡ ንግድ እየተዳከመ ሄዶ ቆመ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከረሀቡ የተነሣ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከደጋ ተነሥተው በክልሉ ሰፈሩ። ጋምቤላ የክልል ዋና ከተማ ሆነች፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የነዋሪዋ ቍጥር 39 ሺህ ያህል ነበር። ዛሬ በባሮ ላይ ትልቅ ድልድይ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ዩኒቨርሲቲም አላት። በ2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት እንደ ገና ሲነሣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ስደተኛ ወደ ክልሉ ገብቷል። ተማሪዎቼ የቈጠሩልኝ ምልክት ሁሉ ተሟልቷል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. የሆነውን መዝለል አልችልም። በዚያ ቀን ከከተማው ውጭ በመንገድ ላይ የተገደሉ የስምንት ሰዎች አስከሬን ወደ ከተማ ገባ። ገዳዮቹ ማን እንደ ሆኑ ሳይጣራ በቀሉ በአኙዋክ ላይ ወረደ፤ በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰዎች በመንገድና በቤታቸው ተገደሉ፣ ቤቶችም ተቃጠሉ። ከገዳዮቹ መካከል ወታደሮች ብቻ ሳይሆኑ የዚያችው ከተማ ነዋሪዎችም እንደ ነበሩ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። መብራቱ በዚያን ጊዜም ነበረ። ለዓመታት ዓሣ የገዛና ዓሣ የሸጠ ሰው በአንድ ቀን እንግዳ ለእንግዳ ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ በፊትም ጎረቤታሞች አልነበሩም፤ ገበያተኞች ነበሩ።

በሆላንድ አገር አይንድሆቨን የምትባል ከተማ አለች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ ተቋቁሞ አምፖል ሲሠራባት ትንሽ ነበረች። በ1920 በዙሪያዋ ያሉትን አምስት መንደሮች ከራስዋ ጋር ቀላቀለች፤ ዛሬ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። አምፖሉ አያስቀናኝም። የሚያስቀናኝ የአምስቱ መንደሮች ስም፣ ቩንሰል፣ ስትራይፕ፣ ጌስተል፣ ስትራቱምና ቶንገልረ፣ እስከ ዛሬ የሰፈር ስም ሆኖ መጠራቱ ነው። ዛሬ የመጣ ሠራተኛ ሰፈሩን ሲናገር ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሰዎች ስም ይጠራል። በጋምቤላስ ኦፔኖ የሚለውን ስም የሚያውቅ ስንት ደገኛ ይገኛል?

የአሜሪካ ሚስዮናውያን ባሕር ተሻግረው ሲመጡ የአኙዋክን ቋንቋ ተምረው አዲስ ኪዳንን ተረጐሙበት። በእነርሱ ብዙ ነገር ይተቻል፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ አንዳንዱን አውቀዋለሁ። በዚህ ግን ከእኛ ይሻላሉ። ከጎሬ የወረደ ሰው ሃያ ዓመት ተቀምጦ ኑዌርን «ማሌ» ብሎ ሰላም ማለት ሲያቅተው ምን እንላለን?

እንዲህ ያለ አንድ ምግብ ቤት ያለው ነጋዴ አግኝቻለሁ። ከመቱ የመጣ፣ ደግ፣ ለእንግዳ የሚነሣ ሰው ነው። ምሳ ስበላ አንዲት የአኙዋክ ልጅ ዓሣ ይዛ መጣች። ነጋዴው በቋንቋዋ ቍጥር ጠራላት፤ እርስዋም ቍጥር መለሰችለት። «ቋንቋውን ታውቃለህን?» አልሁት። «ለሂሳብ የሚበቃኝን ያህል አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። የልጅቱን ስም ስጠይቀው ግን አላወቀም፤ ለሁለት ዓመት ዓሣ አምጥታለታለች።

ወዲያው ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጁ ከትምህርት ቤት ገባና ከልጅቱ ጋር በአኙዋክኛ ይነጋገር ጀመር። ቍጥር የሌለበት ረጅም ንግግር ነበር። አባቱ ትንሽ ተደንቆ «ምን ተባባላችሁ?» ሲል ጠየቀው። ልጁም «እናቷ ታማ ተኝታለች፤ ማታ ልጠይቃት እሄዳለሁ» አለ። ነጋዴው ዓሣውን መዝኖ ገንዘቡን ከፈለ። ከዚያም ከመደርደሪያው አንድ ኪሎ ስኳር አውርዶ በላስቲክ ቋጠረና ለልጁ ሰጠው፤ ቤታቸው በየት በኩል እንደ ሆነም ጠየቀው።