ነጋዴ የሚገዛው አገር

ቅዳሜ ዕለት ለአጥር የሚሆን ጥቂት አጠና ልገዛ አጠና ተራ ወረድኩ። ዋጋውን ሰምቼ ክው ብዬ በቆምኩበት ከኋላዬ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ስል አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት።

«አላወቁኝም አይደል? የእገሌ እናት ነኝ እኮ!»

(ስሙን አልጽፈውም። ሰው ሳይፈቅድ ስሙን እዚህ መለጠፍ ደስ አይለኝም። የክፍል ጓደኞቹ የነበራችሁ ግን ትንሽ ካነበባችሁ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።)

ልጁ የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኳቸው። «መርከብ ላይ ነው» አሉኝ። ባሕር ዳር ተምሮ የመርከብ መካኒክነት ይዟል፤ የውጭ አገር የጭነት መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። ካዩት ስምንት ወር ሆኗቸዋል። «እርስዎን ሁሌ ያነሳዎታል» አሉ። በክፉ ነው በደግ ለማለት አፌ አልደፈረም። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው «ያቺን ደብተር እኮ እስካሁን አልረሳትም» ብለው ጨረሱት።

አጠናውንም በቅጡ ሳልከራከር ገዝቼ ተመለስኩ።

አሁን የደብተሩን ነገር ልንገራችሁ። 1999 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ ዘጠነኛ ክፍል። ሰባ ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቆ እኔ ስለ አክሱምና ስለ አዱሊስ ወደብ አስተምራለሁ። ከሕንድ ስለሚመጣው ጨርቅ፣ ከእኛ ስለሚሄደው የዝሆን ጥርስ እያወራሁ ይሄ ልጅ መስኮት ጥግ አቀርቅሮ ይሥላል። ሄጄ ደብተሩን ነጠቅኩት። ካርታ ነው። ደሴቶች፣ ወደቦች፣ ባንዲራ የሰቀሉ መርከቦች። የደሴቶቹን ስም ስታዩ ትስቃላችሁ፤ ቦምብ ተራ ደሴት፣ ምናለሽ ተራ ደሴት፣ ሸማ ተራ ወደብ። አባቱ መርካቶ ነበር የሚሠሩት። ከዳር ደግሞ የአገሪቱን ሕግ ጽፏል፦ ንጉሥ የለም፣ የሚገዙት ነጋዴዎች ናቸው፣ አለቃቸውን በዕጣ ያወጡታል። ሰሜንን ደግሞ ወደ ታች አድርጎታል።

ጮክ ብዬ ለክፍሉ አነበብኩት። ሳቁ ጣሪያ ነካ። «ነጋዴ ሱቅ እንጂ አገር አይገዛም» አልኩ። «ካርታህም ተገልብጧል» አልኩ። «ባሕር የሌለው ልጅ መርከብ ምን ያደርግለታል?» ሁሉ ሳልል አልቀረሁም። ከዚያ ገጹን ቀድጄ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ልጁ አላለቀሰም። ዝም ብሎ አየኝ። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ከዓመታት በኋላ ነው ወመዘክር ተቀምጬ ለሌላ ጉዳይ ሳነብ ስለ ቬኒስ ያገኘሁት። ስሟን ድሮም አውቃት ነበር፤ ውኃ ላይ የተሠራች ከተማ፣ ጀልባ፣ በቃ። አገር እንደነበረች፣ ያውም ነጋዴዎች የሚገዟት የባሕር አገር እንደነበረች በቅጡ አላስተዋልኩም። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1797 እስኪያፈርሳት ድረስ ለዘመናት ንጉሥ አልነበራትም። «ዶጄ» የሚሉት አለቃ ነበራቸው፣ እስኪሞት ድረስ የሚያገለግል፣ ግን የተመረጠ።

አመራረጡን ስሙኝ። ከትልቁ ምክር ቤት በዕጣ 30 ሰው ይወጣል። ሠላሳው በዕጣ ወደ 9 ይቀነሳል። ዘጠኙ 40 ሰው ይመርጣሉ፤ አርባው በዕጣ 12 ይሆናል። አሥራ ሁለቱ 25 ይመርጣሉ፤ ያ በዕጣ ወደ 9። ዘጠኙ 45፣ ያ በዕጣ ወደ 11። አሥራ አንዱ 41 ሰው ይመርጣሉ፣ እነዚያ 41ዱ ናቸው ዶጄውን የሚሰይሙት። እ.ኤ.አ. ከ1268 ጀምሮ እንዲህ ነው የሠሩት። ይሄ ሁሉ ጣጣ አንድ ቤተሰብ ተመሳጥሮ ሥልጣኑን እንዳይወስደው ነው። የዕጣውን እንክብል ከከረጢት የሚያወጣው ደግሞ ከአደባባይ የተገኘ ትንሽ ልጅ ነበር።

እኔ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እቁብ ነዋ! መርካቶ ያደገ ሰው ዕጣ ለምን በሕፃን እጅ እንደሚወጣ አይጠይቅም። ልጁ ከየት አመጣው ብዬ አስቤ ነበር፤ ከአባቱ እቁብ ነው ያመጣው፣ ከየትም አይደለም።

ዶጄው ደግሞ እንደ እቁብ ዳኛ እንኳ ነፃነት የለውም። ከውጭ አገር የመጣን ደብዳቤ አማካሪዎቹ በሌሉበት መክፈት አይችልም። ራሱ መነገድ አይፈቀድለትም። ኋላ ላይ ደግሞ ሲሞት መርማሪዎች ተሰይመው ሒሳቡን ያገላብጣሉ፤ ያጎደለው ነገር ካለ ወራሾቹ ይከፍላሉ። እ.ኤ.አ. በ1355 አንዱ ዶጄ ንጉሥ ልሁን ብሎ አሴረ፤ አንገቱን ቀሉት። በአዳራሹ ውስጥ የእሱ ሥዕል ሊሆን በሚገባው ቦታ እስከ ዛሬ ጥቁር መጋረጃ ነው የተሣለው።

ይበልጥ የያዘኝ ግን የሽርክናው ነገር ነው። ገንዘብ ያለው ገንዘቡን ይሰጣል፣ ጉልበትና ድፍረት ያለው ወጣት ዕቃውን ይዞ በመርከብ ይሄዳል። ሲመለስ ከትርፉ ሦስት እጁ ለባለገንዘቡ፣ አንድ እጁ ለተጓዡ። ጭሮ አዳሪ ልጅ ሁለት ሦስቴ ተመላልሶ ባለሀብት ይሆን ነበር፤ ባለሀብት ሲሆን ምክር ቤት ይገባል። ታዲያ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1297 ውስጥ ያሉት በሩን መዝጋት ጀመሩ። ቀስ በቀስ አባትህ ወይ አያትህ አባል ካልነበረ አትገባም ተባለ። ትናንት በዚያው በር የገቡ ሰዎች ናቸው የዘጉት። እኔም በድሃ ልጅነቴ ተምሬ ነው ጠመኔ የጨበጥኩት፤ የሰው ልጅ ደብተር ስቀድ እንግዲህ ምን እየሠራሁ ነበር?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ ይሄኛው ለታሪክ ተማሪዎቼ ነው። ይቺ አገር ከእኛ ሩቅ አልነበረችም። ከሕንድ በቀይ ባሕር፣ በደጃችን አልፎ እስክንድርያ የሚደርሰውን ቅመም ገዝተው አውሮፓን ያበሉት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1402 የዐፄ ዳዊት (የዘርዓ ያዕቆብ አባት) መልእክተኞች ቬኒስ ገብተዋል፤ ነብሮች ሳይቀር በስጦታ ይዘው። ከዚያ ብራንካሌዎኔ የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1480 አካባቢ እኛ ጋ መጥቶ ከ40 ዓመት በላይ ኖረ፤ መርቆርዮስ ነበር የሚሉት።

እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ ደግሞ ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ ትልቅ የዓለም ካርታ ሠራ። ስለ ኢትዮጵያ ያወቀውን ከእኛው አገር መነኮሳት ነው ያገኘው፤ በገዛ እጃቸው ሥለው እንደሰጡት ራሱ ካርታው ላይ ጽፎታል። አባይ አለ፣ አዋሽ አለ። ካርታው ዛሬም ቬኒስ ይገኛል። ሰሜኑ ወደ ታች ነው።

አዎ፣ ወደ ታች።

እንግዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው፣ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በግምት ያገኘውን እኔ ሳላውቀው ነው የሳቅኩበት። የባሕር ነገር ሲነሳ ሁላችን ወደብ ወደብ እንላለን፤ ባሕሩ ላይ ያለውን ልጅ ማን ይጠይቀዋል? እናቱ ሌሊት ተነስተው ስልክ የሚጠብቁት ኔትወርክ ያለበት ወደብ እስኪደርስ ነው።

ስልኩን ሰጥተውኛል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አይሠራም። አብራችሁ የተማራችሁና የምትገናኙ ካላችሁ በውስጥ መስመር አድራሻውን ላኩልኝ፣ ወይም ይሄን ጽሑፍ አድርሱልኝ። ይቅርታ መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ በሰባ ተማሪ ፊት ስለነበር ይቅርታውም እዚሁ በሰው ፊት ይሁን።

ሌላም የምጠይቀው አለኝ። የዚያን ቀን የአገሩን ሕግ ሦስቱን ብቻ ነው ያነበብኩት፤ ከሥሩ ሌሎችም ነበሩ። ሳልጨርስ ነው የቀደድኩት። ምን ነበር የሚሉት?