ሁለት ጧት በሴጅብራሽ ሜዳ

በአገራችን አሪቲን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በጓሮ ይተከላል፤ ሽታውም ስለሚወደድ በእጅ ታሽቶ ይሸተታል። ጭቁኝም በደጋው አገር በየመንገዱ ዳር ይበቅላል። የነዚህ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ የሰፊ አገር ልብስ ሆኖ መገኘቱን ግን በመጽሐፍ ከማንበብ በቀር በዓይናችን አላየነውም ነበር። በ2016 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ይህን ለማየት በቃን። ያየነውንም ሆነ ያጠፋነውን ሳንሸሽግ ለአንባቢዎቻችን እንተርካለን።

የኮሎራዶ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው በዴንቨርና በአካባቢዋ ከአገራችን የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። የእኅታችን ልጅም ከነዚሁ አንዱ ሲሆን፣ የዕረፍት ቀኑን አዕዋፍን ፎቶግራፍ በማንሣት ያሳልፋል። ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ከከተማ ወጥተው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይዩ» ብሎ ለእኛም አንድ ካሜራ አውሶን በመኪናው ወደ ሰሜን ምዕራብ ይዞን ወጣ። ተራራውን ተሻግረን ዋልደን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወረድን። ዋልደን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,470 ሜትር ከፍታ ያላት በመሆኗ ከአዲስ አበባ ጥቂት ትበልጣለች፤ ብርዷ ግን ከእኛ ብርድ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በዙሪያዋ በተራሮች የተከበበው ኖርዝ ፓርክ የሚባል ሜዳ ተዘርግቷል።

ሜዳው ከሩቅ ሲያዩት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀርበው ሲመለከቱት ግን እስከ ጉልበትና እስከ ወገብ የሚደርስ ቁጥቋጦ የሞላበት ነው። እንግሊዝኛው ሴጅብራሽ ይለዋል። ሴጅ ከሚባለው የወጥ ቅመም ጋር በስም ቢገናኝም በዘር አይገናኝም፤ ዘመዶቹ አሪቲና ጭቁኝ ናቸው። የዕፀዋት ሊቃውንት አርቴሚዚያ ትራይደንታታ ብለውታል፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን «ባለ ሦስት ጥርስ» ማለት ነው፤ የቅጠሉ ጫፍ በሦስት ይከፈላልና። አንዲት ቅጠል ቈርጠን በጣታችን ብናሸው የእናታችን ጓሮ ሽታ መጣብን፤ ጥቂት ጊዜም ዝም ብለን ቆምን።

ይህን ተክል ፎቶግራፍ ለማንሣት የቀትር ፀሐይ አይስማማም። ቅጠሉ በጥቃቅን ነጫጭ ጠጕር የተሸፈነ ስለ ሆነ ብርሃኑ ሲበረታ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጧትና ማታ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ቅጠል ተለይቶ እንደ ብር ያበራል።

በዚህ ቁጥቋጦ ውስጥ ሴጅ ግራውስ የሚባል የቆቅ ዘመድ ይኖራል። ወንዱ እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል። በክረምት በረዶው ምድሩን ሲሸፍነው ከዚህ ተክል ቅጠል በቀር ሌላ ምግብ የለውም ማለት ይቻላል። እንስቲቱም ጎጆዋን የምትሠራው ከሥሩ ነው። በጸደይ ወራት ወንዶቹ ጎሕ ሳይቀድ ገላጣ ስፍራ ላይ ተሰብስበው እንስቶቹ እንዲመርጧቸው ይታያሉ። ለዓመታት ወደዚያው ስፍራ ይመለሳሉ።

በመጀመሪያው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ከስፍራው ደርሰን፣ የመኪናውን መብራት አጥፍተን ተቀመጥን። ሁለት መኪኖች ቀድመውን ቆመዋል። ብርሃን ሲወጣ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ታዩ። ጅራታቸውን እንደ ማራገቢያ ዘርግተው፣ በደረታቸው ነጭ ላባ መካከል ሁለት ቢጫ ከረጢቶች እየነፉ፣ ውኃ ከጠባብ አፍ ሲፈስ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ያሰማሉ። ሁለት እንስቶችም ከቁጥቋጦው ጠርዝ ብቅ አሉ።

መስኮቱን እስትንፋሳችን አጉሞታል፤ አንድ ቁጥቋጦም ከፊታችን ቆሟል። አንዲት እርምጃ ብቻ ብንወጣ መልካም ሥዕል የምናገኝ መሰለን። እጃችን ወደ በሩ ሲሄድ ልጁ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ በሩን አይክፈቱ» አለን። እኛ ግን ለብዙ ዓመታት ልጆችን ዝም በሉ ስንል የኖርን መምህር ነንና የልጅ ምክር አልሰማንም። በሩ ተከፈተ። በአንድ ጊዜ ሠላሳዎቹም እንስቶቹም ተነሥተው በረሩ። በካሜራው የቀረው ባዶ ሜዳ ነው። ከሌሎቹ መኪኖች ማንም አልተናገረንም፤ ዝምታቸው ግን ከስድብ ይልቅ ከበደን።

ልጁ አልወቀሰንም። በመንገድ ላይ ግን የነገሩን ክብደት አስረዳን። የሴጅብራሹ አገር ከቀድሞው ግማሽ ያህሉ ጠፍቷል፤ ከፊሉ ታርሷል፣ ከፊሉ ለመንገድና ለነዳጅ ጕድጓድ ሆኗል። ከባሕር ማዶ የገባ ቺትግራስ የሚባል ሣር ቶሎ ይደርቅና እሳት ያዛምታል፤ ትልቁ ሴጅብራሽ ደግሞ አንዴ ከተቃጠለ ከሥሩ አያቈጠቍጥም፤ ከዘር ብቻ እንደ ገና ይጀምራል። የአሜሪካ መንግሥት የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የእነዚህ ወፎች ቍጥር ከ1965 እ.ኤ.አ. ወዲህ 80 በመቶ ቀንሷል። እንግዲህ እኛ ያባረርነው ከብዙ ጥቂት ሳይሆን ከጥቂት ላይ ነው።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመለስን። በልጅነታችን ማሕሌት ቆመን ስናድር የለመድነውን ትዕግሥት አስታውሰን፣ መስኮቱን አስቀድመን ዝቅ አድርገን፣ ካሜራውን በተጣጠፈ ጋቢ ላይ አስደግፈን ተቀመጥን። ያለ ፍላሽ፣ ያለ ንግግር፣ ጣታችን በብርድ እስኪደነዝዝ ጠበቅን። ወንዶቹም መጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ ያን ቁጥቋጦ ዞሮ ከፊት ለፊታችን ቆመ። እኛም አነሣነው። ፀሐይ ከፍ ብላ የመጨረሻው ወፍ እስኪሄድ ድረስ ማንም ከመኪናው አልወረደም። ስንወርድም ሴጅ ትራሸር የምትባል ትንሽ ግራጫ ወፍ በቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ሆና ስትዘምር ሰማናት። እርሷም የዚሁ ተክል እንግዳ ናት፤ ለመራባት በየጸደዩ ወደዚህ ትመጣለች።

ዛሬ ሁለቱ ፎቶግራፎች በመማሪያ ክፍላችን ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ተማሪዎቻችን ወፉን አይተው ካደነቁ በኋላ፣ «የኔታ፣ ይህስ ባዶ ሜዳ ለምን ተሰቀለ?» ይሉናል። እኛም የበሩን ነገር፣ የእኅታችንም ልጅ የነገረንን ሳናስቀር እናጫውታቸዋለን።